ደመና የተኛበት ደጅ

መጋቢት 8 ቀን 1978፣ ጂንካ

ደምሰው ዛሬ አስቆመኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ሣር ዳር፣ ጠመንጃውን እንደ አካፋ ትከሻው ላይ ጥሎ።

«ጋሽ ኤርጎ፣ ውሻህ ቅዳሜ ቅዳሜ አስካለ ደጅ ምን ይሠራል?»

«ዳቦ ይወዳል» አልኩት።

«ሲወድ!» ብሎ ሳቀ። «አንተ ውስጥ ስትሆን ነው የሚወደው?»

ውሻዬ ደመና የደምሰውን ጫማ ያሸታል፤ ጅራቱን ይቆላል። ለአብዮት ጠባቂ ጅራቱን የሚቆላ ውሻ! ደምሰው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አሻሸውና ሄደ። ጥቂት ተራምዶ ዞር አለ።

«ሌላም ሰው አይቶታል እኮ» አለኝ።

ምን ማለቱ ነው? ማስፈራሪያ መሆን አለበት። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ማታ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ የምንሰበሰበው ቅዳሜ ነው፣ ገበያው ሲደምቅ። አገር በሚተራመስበት ሰዓት ማን የማን ቤት እንደገባ ማን ልብ ይላል? አስካለ ደግሞ ዳቦ ጋግራ ትሸጣለች፤ ዘንቢል አንጠልጥሎ የሚገባ ሰው አያስጠይቅም። አንድ በአንድ እንገባለን። ሳናጨበጭብ፣ በለሆሳስ እንዘምራለን። አንድ በአንድ እንወጣለን። ሁሉን አስበናል። ውሻዬን ግን ማንም አላሰበውም። እኔ በገባሁበት ደጅ ይተኛል፤ እስክወጣ አይነሣም። እኛ ቤት ስንቀይር እሱም ደጅ ይቀይራል።

ይህን ደብተር ስጀምር ስም አልጽፍም ብዬ ነበር። ስም የሌለው ሰው ግን ገጹ ላይ አይቆምልኝም።

መጋቢት 10

ዝናብ የለም። መለኪያው ውስጥ የሞተች ንብ ብቻ።

በዚህ የአየር ጠባይ ጣቢያ ታዛቢው እኔ ነኝ። የሙቀቱን፣ የነፋሱን፣ የዝናቡን ልክ እጽፋለሁ። ሰው የማይገባበት ሥራ ነው፤ ከዱራሜ ተመድቤ ስመጣ የወደድኩትም ለዚህ ነበር። ከዚያ አንድ ሾፌር ከቱርሚ በጫማ ካርቶን ቡችላ ይዞልኝ መጣ። «ይኸው፣ አንተ ሚስት የለህም» ብሎ ሰጠኝ። ግራጫ ስለነበር ደመና አልኩት።

ያኔ ዝናብ ነበር። ዘንድሮ ስሙ መቀለጃ ሆኗል። ስጠራው ከነሪ ወንዝ ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች፣ «ጥራው ጋሽ ኤርጎ፣ ጥራው! እሱ እንኳ ይምጣልን!» ይላሉ።

እኔም እስቃለሁ። ሌላም ሰው አይቶታል እኮ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ከጸሎት በኋላ አቶ ዶላሞ ቁጭ በል አሉኝ። አናጺ ናቸው፤ የእኛም ሽማግሌ።

«ወንድም ኤርጎ፣ እኛ በር እንዘጋለን፣ አንተ ደጁ ላይ ምልክት ትተክላለህ።»

«ውሻ ነው እኮ፣ አቶ ዶላሞ።»

«ውሻ መሆኑንማ አየሁ። በግ ቢሆን በልተነው እንገላገል ነበር።»

ሰው ሳቀ። ሙሴ አልሳቀም። ሙሴ ከእስር ከወጣ ገና ነው፤ ስንሰበሰብበት የነበረው ቤት የእሱ ስለሆነ እሱን ነው የወሰዱት። እዚያ የላጩት ጸጉር ገና አላደገም። መሬት መሬት እያየ፣ «በቀጥታ ነው የመጡት» አለ። «ጎረቤት እንኳ አልጠየቁም።»

ማንም ወደ እኔ አላየም። ያንን ነው ያልቻልኩት።

«ወይ ውሻው ይሂድ፣ ወይ አንተ ቅር» አሉ አቶ ዶላሞ። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። በሩ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ፤ «ቅዳሜውስ ይሁን። ማክሰኞና ሐሙስ እዚህ ደጅ ምን ይሠራል?»

«ዳቦ እገዛለሁ።»

«ለአንድ ሰው?»

ፊቴ ጋለ። ዳቦ እገዛለሁ። የሚተርፈውን ደመና ይበላል። ምን የሚገርም ነገር አለው?

አስካለ ትሪ ስታነሣ ነበር፤ የሰማች አልመሰለኝም። ስወጣ ጠርዙ ያረረ ቁራሽ ለደመና ወረወረችለት።

መጋቢት 20

ቤት አስሬው ሄድኩ። ጩኸቱ ገበያው መሐል ድረስ ተሰማ። አንዲት ቅቤ ሻጭ፣ «ጋሽ ኤርጎ ሞተ እንዴ? ውሻው ሙሾ እያወጣ ነው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዝማሬው መሐል ሁላችንም እሱን እናዳምጥ ነበር። አቶ ዶላሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተፈትቶ፣ የት እንዳለሁ ይናገራል። ታስሮ፣ ቤት እንደሌለሁ ይናገራል።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

አልሄድኩም።

ይህን በረጅሙ መጻፍ አለብኝ፤ ቀኑ ጥሩ ነበርና። ጠዋት አውሮፕላን ይመጣል ተብሎ ነበር። ከብቶቹ እንደ ልማዳቸው ማረፊያው ላይ ተበትነው ይግጣሉ። ደመና ከማንም ቀድሞ ሰማ፤ ጆሮው ቆመ፣ ከእግሬ ሥር ተወርውሮ ወጣ። እረኞቹ ገና ሰማይ ሲያዩ እሱ ግማሹን መንጋ ዳር አድርሶታል። አውሮፕላኑ ሲያርፍ እየሮጠ ተመልሶ ምላሱን አንጠልጥሎ አየኝ። አየህ? የሚል ዓይን። አየሁ፣ አልኩት። በቃላት አልኩት። ከዚህ ውሻ በቀር ጮክ ብዬ የማናግረው የለም።

ከሰዓት በኋላ ቤት ደፍ ላይ ተቀመጥን። የገበያው ጫጫታ እንደ ንብ ቀፎ ይሰማል። በዚያ ጫጫታ ሥር የሚዘምሩት ታሰቡኝ። የትኛውን መዝሙር ይሆን? ደመና አገጩን ጉልበቴ ላይ አሳርፎ ተኝቷል፤ ሞቃት ነው፤ ከባድ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ማለቱ አሳፈረኝ።

ሙሴ የታሰረው ለእምነቱ ነው። እኔ ጉልበቴ ላይ ውሻ አስተኝቼ ቀረሁ።

ሚያዝያ 4

አቶ ዶላሞ መፍትሔ አመጡ። ካኮ የሚኖር ወንድሙ የሚባል አማኝ አለ፤ ከብት ያረባል፤ ጅብ አስቸግሮታል። ውሻ ይፈልጋል። ደግ ሰው ነው አሉ።

እሺ አልኩ። ወዲያው ነው ያልኩት። ለምን ወዲያው አልኩ?

ሚያዝያ 6

ሰኞ የካኮ ገበያ ነው። በጭነት መኪና፣ በበቆሎ ጆንያዎች ላይ ሄድን። ደመና ነፋሱን በአፉ እየያዘ መንገዱን በሙሉ ተደሰተ። ሽርሽር መስሎት።

ወንድሙ በእርግጥም ደግ ነው። «አይዞህ፣ ወተት ይጠጣል» አለኝ። ግራር ሥር አሰረው።

ዞሬ አላየሁም።

ዞሬ አየሁ።

ሚያዝያ 8

ጠዋት ስወጣ ደፉ ላይ እግሬን ከፍ አድርጌ ተራመድኩ፤ እንዳልረግጠው። ማንም አልነበረም።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ጸሎት። ስለ እኔ ታዛዥነት ምስጋና ቀረበ። ቀና ማለት አቃተኝ። አስካለ በሩ ጋ ዘንቢሌን ስታቀብለኝ፣ «ይበላ ይሆን?» አለች።

«ማን?»

«እሱ ነዋ።»

አላውቅም አልኳት። ቤት ስደርስ ዘንቢሉ ውስጥ ሁለት ዳቦ ነበር። አንዱ ጠርዙ ያረረ።

ሚያዝያ 14

ከካኮ የመጣ ሾፌር መልእክት አደረሰ። ገመዱን ቆርጦ ጠፍቷል፤ ካገኘን እንልክልሃለን። «ያ መንገድ ጅብ ይበዛበታል» ሲል ሾፌሩ በራሱ ጨመረ።

ከሥራ በኋላ በካኮ መንገድ እስኪመሽ ሄድኩ። ስሙን ጠራሁ። ከበቆሎ ማሳ አንድ ገበሬ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።

ሚያዝያ 18

የለም። መለኪያውም ባዶ። ጸሎት ላይ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ።

ሚያዝያ 20

ይህን እንዴት እጽፈዋለሁ!

አቶ ዶላሞ እያለከለኩ ጣቢያው መጡ። መጋዛቸውን እንደያዙ።

«ወንድም ኤርጎ! ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ምኑ?»

«አረቄው! እህቶች ጾም ይዘውልሃል። የሺመቤት ቤት ከጠዋት ጀምሮ ገብቶ አልወጣም እየተባለ...» ቆም ብለው ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ። «እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሥራ ላይ ነኝ። ማን ነገረዎት?»

«ውሻህ ደጇ ላይ ተኝቷል!»

የቀረውን አልሰማሁም። ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በገበያው መሐል። ደመና የአረቄ ሻጯ የሺመቤት ደፍ ላይ ተጋድሟል። አጥንቱ በቆዳው ይቆጠራል፤ አንድ ጆሮው ተተልትሏል። ሲያየኝ መነሣት አቃተው፤ ጅራቱ ብቻ አቧራውን መታ።

«ያንተ ነው አይደል?» አለች የሺመቤት ወገቧን ይዛ። «ጎህ ሲቀድ እዚህ ወድቆ አገኘሁት። አጥንት ሰጠሁት፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አልል አለ። ደንበኞቼ ደግሞ ጋሽ ኤርጎ የታለ እያሉ ጓዳዬን በረበሩት!»

ደምሰው አግዳሚው ላይ የአረቄ መለኪያውን ይዞ ተቀምጧል። «እኛማ እልል ልንል ነበር» አለ። «ጴንጤው ዳነ ብለን።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ፤ ወይ አልቅሼ ይሆናል። ተሸክሜው ወጣሁ።

ሚያዝያ 21

ዘነበ። መለኪያው ውስጥ ውኃ! ለአዲስ አበባ በሬዲዮ ሳስተላልፍ ድምፄ ተሰበረ፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ድገም አለኝ።

ወደ ካኮ አልመልሰውም። ይህን ወስኛለሁ። ስለ ቅዳሜው ግን አልወሰንኩም።

ሚያዝያ 23

ዳቦ ልገዛ ሄድኩ። አስካለ የደመናን ጆሮ በጨው ውኃ እያጠበች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«የሺመቤት ደጅ ተኛ፤ አገሩ ሁሉ አንተ እዚያ ነህ አለ። አንተ እዚያ አልነበርክም።»

«አልነበርኩም።»

«ታዲያ በየደጁ ቢተኛስ?»

ዘንቢሌን መሬት አስቀመጥኩ።

«የበላበት ደጅ ይተኛል» አለች። «ስለዚህ ሰው ሁሉ ያብላው። የዛሬ ወር ይህ ውሻ ጂንካን በሙሉ ቢዞር ማን ይከተለዋል? አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ጋሽ ኤርጎ። አንተ አታብላው።»

«እኔ?»

«ከእጅህ እየበላ ሌላ ደጅ አይለምድም። ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

አቶ ዶላሞ ብዙ አሰቡበት። «ሰውን ማሳሳት አይሆንብንም?»

«ማን ያሳስታል?» አለች አስካለ። «ውሻው የሚናገረው እዚህ በላሁ ነው። እውነቱን ነው።»

ሁላችንም የምናየው ሙሴን ነበር። ሙሴ እጁን ራሱ ላይ አሳለፈ፤ ጸጉሩ ለጣት መያዝ ጀምሯል።

«ነገ ፋሲካ ነው» አለ። «አጥንት ሞልቷል። ከእኔ ደጅ ይጀምር።»

ሚያዝያ 27

ሳህኑን ሰቅዬ ደበቅኩት። መጥቶ ሳህኑ የነበረበት ቦታ ተቀመጠ። እኔን አየ። ግድግዳውን አየ። እኔን አየ።

ግንቦት 1

አራቱን ቀን ምንም ከእጄ አልቀመሰም። ዛሬ እጄን ላሰ፤ ጨው ፍለጋ ይሆናል። ጨከንኩ። ልብሴን ለብሼ ከቤት የወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ቀረ።

ግንቦት 4

ደመና አቶ ዶላሞ ደጅ አደረ። የእንጨት ፍቅፋቂው ውስጥ።

ግንቦት 7

የውይይት ክበቡ ደጅ ተኝቶ ዋለ። የክበቡ ዘበኛ ሽሮ የተረፈበት እንጀራ ይሰጠዋል አሉ። የከተማው ቀልድ ተቀየረ፤ «ጋሽ ኤርጎ ካድሬ ሆነ!» አረቄ ቤት፣ ክበብ፣ ሥጋ ቤት፣ በአንድ ሳምንት እኔ ያልገባሁበት ቤት የለም። እኔ ግን ጣቢያው ውስጥ ብቻዬን ነኝ፣ ከቴርሞሜትሮቹ ጋር።

ጥሩ እየሄደ ነው። ጥሩ እየሄደ ነው ብዬ ጻፍኩ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

አስካለ ቤት ነበርን። ከክፍለ ሀገሩ የመጣ አዲስ ካድሬ አለ፤ ጠዋት ከደምሰው ጋር ሲነጋገር ሙሴ አይቶት ነበር። «ውሻ» የሚል ቃል ሰምቻለሁ አለ። ቢሆንም ተሰበሰብን። ደጁ ላይ ማንም የለም። ከዝማሬው መሐል የቦት ጫማ ድምፅ መጣ። ዝም አልን። አስካለ ዱቄት በነካው እጇ እጄን ያዘች፤ ወይ እኔ ነኝ የያዝኩት። ድምፁ አለፈ።

የሆነው ማታ ከየሺመቤት አፍ ተሰማ። ካድሬው ደምሰውን፣ «ውሻውን ተከተል፤ ባለቤቱ ያለበት ያደርሰናል» ብሎት ኖሯል። ደምሰውም ታዘዘ። ከገበያው ማዶ ጀምሮ ውሻውን ተከተለው፤ ካድሬው ከኋላ። ሥጋ ቤት። የሺመቤት ቤት። ክበቡ። አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ። መጨረሻ ላይ ደመና አንድ ግቢ ገብቶ በረንዳው ላይ ተዘረጋ። ካድሬው ራሱ የተከራየው ቤት ነው፤ አከራዩ ሴትዮ ቅልጥም ታስቀርለታለች።

ደምሰው ተስተካክሎ ቆሞ፣ «ጓድ፣ ይህም ቤት ይፈተሽ?» አለ አሉ።

እንደዚህ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም። አሁን ቤቴ ነኝ። ደፉ ባዶ ነው። ሳቁ ሲያልቅ ያገኘሁት ይህንን ነው።

አንድ ነገር አልገባኝም። ደምሰው ለምን ከገበያው ማዶ ጀመረ? ደመና ጠዋት የነበረው ከአስካለ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው፤ ማን ወዲያ ወሰደው?

ግንቦት 24

ሁለት ቀን አላየሁትም። ከሥራ ስወጣ ፍለጋ ጀመርኩ። ልብስ ሰፊው፣ «አሁን ሄደ፤ ግባ እንጂ» አለኝ። ገባሁ። ስለ ልጁ ነገረኝ፤ አስመራ ዘምቶ ደብዳቤ ካቋረጠ ቆይቷል። ሥጋ ቤቱ ባለቤት በርጩማ ሰጠኝ። የካድሬው አከራይ፣ «እሱ ልጅ ያንተ ነው ለካ!» ብላ ቆሎ አስጨበጠችኝ። በዚህ ከተማ ለዓመታት ኖሬ የእነዚህን ቤቶች ውስጥ አይቼ አላውቅም። ድሮ እሱ እኔ የገባሁበት ደጅ ይተኛ ነበር። አሁን እኔ እሱ የተኛበትን ደጅ አንኳኳለሁ።

ያገኘሁት አስካለ ዘንድ ነው። ምድጃው አጠገብ፣ እንደ ባለቤት።

«ውሻ ፍለጋ ነው ዳቦ ፍለጋ?» አለች።

«ሁለቱንም።»

«ሦስተኛ ካለ ቶሎ ተናገር። ዳቦዬ ያርራል።»

ዳቦው አረረ። አልተናገርኩም። ነገ እናገራለሁ። ይህን እዚህ የጻፍኩት እንዳልሸሽ ነው።

ሰኔ 1፣ እሁድ

ነገርኳት። ስለዚያ አልጽፍም፤ እጄ ገና ዱቄት ዱቄት ይሸታል። አብረን እንሂድ ብላ ነበር፣ ሊጡ ግን አልጠበቀም፤ ስለዚህ ደመናን ፍለጋ ብቻዬን ወጣሁ።

አንድ ያላንኳኳሁት ደጅ ቀርቶ ነበር። ቆሜ ብዙ አመነታሁ። በሩን የከፈተው ደምሰው ነው፣ ያለ ጠመንጃ፣ በሸሚዝ።

«ዘገየህ» አለኝ። «እሱ መምጣት ከጀመረ ቆየ።»

ደመና ውስጥ ነበር፣ ከአንድ መደብ ሥር። መደቡ ላይ የደምሰው እናት፣ እማማ ማርያም፣ ተኝተዋል። እግራቸው አይሠራም። በአካባቢው ቋንቋ፣ በአሪኛ፣ ለልጃቸው አንድ ነገር አሉት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየፈለጉ፣

«ውሻ መጀመሪያ መጣ። ሰው ኋላ መጣ። ጥሩ ነው። ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ ሰው ሁሉ ሸሸኝ። ልጄ ጠመንጃ ያዘ ብሎ ሸሸኝ። አንተ ጸሎት ታውቃለህ?»

ደምሰውን አየሁት። እሱ ጫማውን ያያል።

«ጋሽ ኤርጎ» አለ። «መጋቢት ላይ ሌላም ሰው አይቶታል ስልህ ማስፈራሪያ አደረግከው አይደል?»

«አዎ።»

«ሞኝ ነህ።» ጠመንጃውን ከጥግ አነሣ። «እኔ ደጅ ነኝ። አታስረዝሙት። ቀስ ብላችሁ።»

ወጣ። ደመና ራሱን ቀና አደረገ። እኔን አየ፤ በሩን አየ። ተነሣና ተከትሎት ወጣ። በሩ ተዘጋ። አልከፋኝም። ትንሽ ከፋኝ።

እማማ ማርያም እጄን ያዙ። በሚያውቁት ቋንቋ ጀመሩ፤ በማውቀው ተቀበልኳቸው። ከውጭ የደመና ጅራት ሳንቃውን ሲመታ ይሰማኛል። መሐል ላይ የመንገደኛ ድምፅ መጣ፤

«ደምሰው! ጋሽ ኤርጎ አንተ ቤት ነው እንዴ?»

«ውሻውን አይተህ ነው?» አለ ደምሰው፣ እያዛጋ። «እሱ የትም ይተኛል።»